ሁሉም ደፉን ከፍ ሲያደርግ

አድምጡኝማ። ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ የሱቆች መንገድ አለ። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ በወሬዬ የነካሁት ሰው ሁሉ ነገ ቡና ስጠጣ መጥቶ ፊቴ ይቆማል። እኔ የዚያ መንገድ ነጋዴዎች ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፤ የሚረከበኝ ሰው ጠፍቶ። ገንዘብ ያዥ ሲባል ገንዘብ ያለው እንዳይመስላችሁ። ገንዘብ ያዥ ማለት አንድ ባለ መስመር ደብተርና አንድ የደረሰኝ ጥራዝ በብብቱ ይዞ ሲመጣ ያየው ነጋዴ ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ የሚለጥፍበት ፍጡር ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ ነው። የቡራዩን ሐምሌ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ከተራራው ሲወርድ መንገድ አይመርጥም፤ ያገኘውን መንገድ የራሱ ያደርጋል። መንገዳችን ደግሞ ቁልቁለት ነው። ላይኛው ጫፍ የሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ መሐሉ ፀጉር ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ መድኃኒት ቤት፣ ሻይ ቤት፤ ታችኛው ጫፍ ላይ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው ቅቤ፣ አይብና ጎመን የሚሸጡ እናቶች። ቦዩ በላስቲክና በጭቃ ስለተደፈነ ጎርፉ ሱቅ ይገባል።

መጀመሪያ አንደኛው ነጋዴ የበሩን ደፍ በሲሚንቶ ከፍ አደረገ። ብልህ ነው አልን። ውኃው እሱን ሲያልፍ ጎረቤቱ ጋ ገባ። ጎረቤቱ በማግሥቱ አሸዋ በማዳበሪያ ሞልቶ በሩ ላይ ደረደረ። ውኃው ሦስተኛው ጋ ገባ። ሦስተኛው በብሎኬት ሠራ። ምን አለፋችሁ፣ ነሐሴ ሳያልቅ መንገዱ በሙሉ ደፍ በደፍ ሆነ። ደንበኛ መድኃኒት ሊገዛ ሲመጣ አጥር እንደሚዘል ሰው እግሩን አንሥቶ ይገባል። አሮጊት ከሆነች ደግሞ ጨርሳ አትገባም፤ ከደጅ ሆና ትጣራለች።

ያ ሁሉ የተመለሰ ውኃ ታዲያ የት ሄደ? ታች ሄደ። ታች ደፍ የሌላቸው አሉ። ሁላችንም «አዴ» እያልን የምንጠራቸው ቅቤ ሻጭ፣ አንድ ቀን ማለዳ ቅላቸውን ከጎርፍ ላይ ለቅመው ሽቅብ መጡ። አልጮኹም። ከሱቅ ሱቅ እየሄዱ እያንዳንዱን ደፍ በዱላቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉና በዚያ ኦሮምኛና አማርኛ በተቀላቀለበት አነጋገራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦

«ውኃው የት ይሂድ ብላችሁ ነው?»

መልስ አልነበረንም። ኮሚቴው የተወለደው ከዚያ ጥያቄ ነው።

ስብሰባው በሰፈሩ እድር ድንኳን ተደረገ። ሊቀመንበር መረጥን፤ በዕድሜ የገፉ፣ እህል ነጋዴ የነበሩ ሰው። ቀልደኞቹ ወዲያው «ነጋድራስ» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙ ያለ ነገር አልወጣም። በጥንት ጊዜ ሲራራ ነጋዴ ብቻውን አይጓዝም፤ ተሰባስቦ ነው። የሚመራው ነጋድራስ ይባል ነበር። በየኬላው ቆሞ ስለ ሁሉም የሚነጋገር፣ ጉዞው መቼ እንዲነሣና የት እንዲያድር የሚወስን እሱ ነው። ኋላ ግን መንግሥት ማዕረጉን ወሰደው፤ ነጋድራስ ማለት የገበያ ሹም፣ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ። እኛም ሊቀመንበራችንን ስንሾም በሳቅ መሐል ያነሣሁት ይህን ነበር። «ጋሼ፣ የትኛው ነጋድራስ ነው የሚሆኑት? ከኛ ጋር የሚጓዘው ወይስ ኬላ ላይ የሚጠብቀን?» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «እሱን በደብተርህ ታየዋለህ» አሉኝ።

ንግግራቸውን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር በሚለው ጀመሩ፤ በሃምሳ ሎሚ ጨረሱ። ለሁለቱም አጨበጨብን። ችግሩ ተረቱ የድሩን ዋጋ ማን እንደሚከፍል አለመናገሩ ነው።

ውሳኔው ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ሱቅ በየወሩ ጥቂት ያዋጣል። በገንዘቡ ቦዩ ይጠረጋል፣ የሌሊት ጥበቃ ይቀጠራል፣ መብራት ይሰቀላል። በመጀመሪያው ወር ከሞላ ጎደል ሁሉም ከፈለ። በሁለተኛው ወር ግማሹ። በሦስተኛው ወር እኔን ያየ ሁሉ ስልክ ላይ ነበር።

አሁን ይህን ልብ በሉ። ያልከፈለው ሰው ክፉ አልነበረም። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነው። ቦዩ ሲጠረግ ውኃው «ይህ ከፍሏል፣ ይህ አልከፈለም» ብሎ አይለይም። ጥበቃው ሌባ ሲያባርር የከፈለውን በር ብቻ መርጦ አይደለም። መብራትም ለአንዱ በርቶ ለሌላው አይጨልምም። እንዲህ ሲሆን «ጎረቤቴ ይክፈል፣ እኔ እጠቀማለሁ» ማለት ይመጣል። ጎረቤትም እንዲሁ ያስባል። ሁለቱም ሲያስቡ ቦዩ ይደፈናል።

ከሁሉም ጠንካራው ላይኛው ጫፍ ያሉት የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነበሩ። «እኔ ሲሚንቶ ነው የምሸጠው። ደፌን እንደፈለግሁ ከፍ አደርጋለሁ። ጎርፍ ከኔ በታች ነው የሚጀምረው። ለምን ብዬ ነው የምከፍለው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከላይ ለተቀመጠ ሰው ውኃ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው።

በዚህ መሐል የሻይ ቤቱ ባለቤት ቶሮንቶ ካለ ወንድሙ ጋር ስልክ ሲያወራ ችግራችንን ነገረው። ወንድሙ ሳቀ አሉ። «እዚህ እኮ ይኸው ጣጣ ሕግ አስወጥቷል» አለው። ታሪኩን ሻይ እየጠጣን በድምፅ ማጉያ ሰማነው፤ እኔም እንደሰማሁት ልንገራችሁ።

ቶሮንቶ ውስጥ ብሎር የሚባል ረጅም ጎዳና አለ። ቀድሞ በላዩ የከተማ ባቡር ይመላለስበት ነበር። ተሳፋሪው በመስኮት ሱቆቹን ያያል፣ ይወርዳል፣ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ1966 የምድር ውስጥ ባቡር ተከፈተና ሰው ሁሉ ከመሬት በታች ገባ። በዚያ ላይ ከከተማው ወጣ ብለው ትልልቅ የገበያ አዳራሾች ተሠሩ። የጎዳናው ነጋዴ በሩ ላይ ቆሞ ማንም የማያልፍበትን መንገድ ማየት ጀመረ።

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊያችን ጣልቃ ገባ። «ይሄማ የኛም ነው! ጥቅምት 2008 ላይ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከአያት ጦር ኃይሎች ሲጀምር የአጎቴ ሱቅ ከሐዲዱ አጠገብ ነበር። አጥሩ ሲታጠር ከመንገዱ ማዶ ያለው ደንበኛ ማዶ ቀረ» አለ። አዎ፣ መንገድ ሲለወጥ መጀመሪያ የሚያውቀው ባለሱቁ ነው።

የቶሮንቶዎቹ ነጋዴዎች ምን አደረጉ? እንደኛው ተሰበሰቡ፤ እንደኛው መዋጮ ጀመሩ። እንደኛውም የሚከፍል ከፈለ፣ የማይከፍል ተጠቀመ። ስለዚህ ወደ ከተማው ሄዱና፣ «በዚህ ጎዳና ክልል ውስጥ ያለ ነጋዴ ሁሉ እንዲከፍል አድርጉልን። ገንዘቡን እናንተ ከግብር ጋር ሰብስቡ፤ ግን ወደ ካዝናችሁ አታስገቡት፣ ለኛ መልሱልን። በምን ላይ እንደሚውል የምንወስነው እኛ ነን» አሉ። ሕጉ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ብሎር ዌስት ቪሌጅ በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ የጎዳና ነጋዴዎች ማኅበር ሆነ። መብራት ሰቀሉ፣ አበባ ተከሉ፣ አግዳሚ ወንበር አስቀመጡ። ዛሬ በዚያች ከተማ ብቻ ከ80 በላይ እንዲህ ያሉ ማኅበራት አሉ። የኛዎቹ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በብዛት ያሉበት የዳንፎርዝ ጎዳናም በእንዲህ ያለ ማኅበር ሥር ነው። የሻይ ቤቱ ባለቤት ወንድምም እዚያው ይሠራል። «ዋናው ነገር፣» አለ በስልክ፣ «ከተማው ሰብሳቢ ነው፣ ነጋዴው ወሳኝ ነው።»

ዝም አልን። ከዚያ ሊቀመንበራችን፣ «ይህማ ሁለቱ ነጋድራሶች ታረቁ ማለት ነው» አሉ።

ግን እኛ ቶሮንቶ አይደለንም። ጉዳዩን የሚያውቅ አንድ የሕግ ሰው ጠየቅን። የንግድ ምክር ቤት አገራችን ውስጥ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ምክር ቤቶችና የዘርፍ ማኅበራት የሚቋቋሙበት አዋጅ 341 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። አባልነቱ ግን በፈቃድ ነው። ለአንድ መንገድ ቦይ ብሎ ነጋዴውን ሁሉ የሚያስከፍል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ከተማ አስተዳደር እንሂድ? ያኔ ደግሞ አስተዳደሩ ራሱ ቤት እየቀየረ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ ከሰበታና ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎና ከገላን ጋር ተጠቃላ ሸገር ከተማ ሆናለች። የትኛው ቢሮ ወዴት እንደተዛወረ ለመጠየቅ የሄደ ሰው በራሱ አንድ ወር ሥራ ይፈታል።

አዴ የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። «እድር ማንን አስገድዶ ያስከፍላል?» አሉ።

እውነት ነው። እድር ፖሊስ የለው፣ ፍርድ ቤት የለው። ግን በቀኑ የማይከፍል ሰው አለ? የለም፤ ወይም ጥቂት ነው። ለምን? ድንኳኑ በአንተም ደጅ አንድ ቀን እንደሚተከል ታውቃለህ። እቁብስ? አንዳንዴ በማይተዋወቁ ሰዎች መሐል እንኳ ትልቅ ገንዘብ ይዞራል። ቀድሞ የወሰደ እንዳይጠፋ ዋስ አለ፤ ዕጣው በሁሉም ፊት ይወጣል፤ ዳኛው ይቆጣል። ይህን ሁሉ እናውቃለን፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ ስንሠራበት ኖረናል። ያላወቅነው ለቦይ እንዴት እንደምንጠቀምበት ነው።

ስለዚህ የኮሚቴውን ደንብ ከእድሩ ገለበጥነው። አንደኛ፣ መዋጮው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በአደባባይ ይሰበሰባል እንጂ ገንዘብ ያዡ ከሱቅ ሱቅ እየለመነ አይዞርም። ሁለተኛ፣ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ያረፈደም ትንሽ ይቀጣል። ሦስተኛ፣ የወጣው ወጪ ሁሉ በዚያው ጉባኤ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ «አካፋ 2፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ አምፖል» እየተባለ። እመኑኝ፣ ከሁሉ በላይ ገንዘብ ያስገባው ይህ ንባብ ነው። ሰው ገንዘቡ ምን እንደሆነ በጆሮው ከሰማ እጁ ይፈታል። አራተኛ፣ ገንዘብ የሌለው በጉልበት ይከፍላል። ደቦ እንደሚባለው ነው፤ ቃሉ በሁለቱም ቋንቋችን አንድ ስለሆነ መተርጎም አላስፈለገም።

ከዚያ ትልቁ ጠብ መጣ። ከሱቅ ባለቤቶች ግማሹ፣ «ቦዩን የሚደፍኑት እነዚያ ታች ያሉት የጉልት ነጋዴዎች ናቸው። የጎመን ቅጠላቸውን የሚጥሉት እዚያው ነው። ለደንብ አስከባሪ ነግረን እናስነሣቸው» አሉ። ደንብ አስከባሪ ሲባል ሸራው እንዴት እንደሚነጠቅ፣ ቲማቲሙ እንዴት እንደሚበተን ሁላችንም አይተናል። አዴ ቁጭ ብለው ሲሰሙ ቆዩና ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረው፣ «ልጄ፣ ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛህ ከየት ይመጣል?» አሉት። አሰበ። «ከርስዎ ጋ ቅቤ ሊገዛ ከመጣው ነው፤ ሚስቱ ቅቤ ስትመርጥ እሱ ይላጫል» አለ። ሻይ ቤቱም እንደዚያው። መድኃኒት ቤቱም። ገበያውን ወደ መንገዱ የሚስበው ያ መሬት ላይ የተዘረጋ ሸራ ኖሯል። ጉልቶቹ ቀሩ። አምስት እናቶች ኮሚቴ ውስጥ ገቡ፤ መዋጯቸው የሱቆቹ አንድ አሥረኛ ሆነ፤ ቅጠላቸውን በማዳበሪያ ሰብስበው ማታ ማታ ለከብት አርቢ መስጠት ጀመሩ። ቦዩን ያጸዳነው ደግሞ ከታች ጀምረን ወደ ላይ ነው። ከላይ ብትጀምር የለቀቅኸው ደለል ሁሉ ታች ሄዶ ይጠራቀማል። ይህንንም ያስተማሩን አዴ ናቸው።

ስለ ጥበቃው አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ትረካዬ ውሸት ይሆናል። መስከረም 2011ን የቡራዩ ሰው አይረሳም። በአሸዋ ሜዳና በአካባቢው የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። ከተጎዱት ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ የጋሞ ልጆች ነበሩ። በበቀል የተነሣውን የአርባ ምንጭ ወጣት ያቆሙት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበርክከው ነው። የእኛ ልብስ ሰፊ ከዚያ በኋላ ብዙ ወር ሱቁን አልከፈተም። ሲከፍት መጀመሪያ ያደረገው ከፊትም ከኋላም የብረት መዝጊያ ማሠራት ነበር። ኋላ ለኮሚቴው ሲከፍል የነገረኝን አልረሳም፦ «ሱቅ ቁልፍ አለው። መንገድ ቁልፍ የለውም። የመንገድ ቁልፉ ጎረቤትህ ነው።» የሌሊት ጥበቃውን ስንቀጥር ከሁለት ወገን ሁለት ሰው ያደረግነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አብረው ያድራሉ፣ አብረው ይበላሉ።

ቀጥሎ መብራቱ ተሰቀለ። ከፀጉር ቤቱ በር ላይ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ሰው አለው፤ ሻይ ቤቱ ወንበር ጨመረ፤ ሴቶች ብቻቸውን ማለፍ ጀመሩ። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴውም መጡ። ገንዘብ አይደለም የሰጡን፤ ሲኖትራካቸውን ላኩልን፤ ከቦዩ የወጣውን ደለል በሁለት ምልልስ አንሥቶ ወሰደ። ሲኖትራክ በደብተር ላይ እንዴት ይጻፋል? «በዓይነት» ብዬ ጻፍኩ። በጉባኤው ሲነበብ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ፤ ደስ ብሏቸዋል።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ተረት ነበር። ግን ደብተሩ አላለቀም።

መብራቱ በተሰቀለ በአራተኛው ወር ፀጉር አስተካካዩ እሑድ ላይ ቀረ። ቀርቶ አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚከፍለው እሱ ነው። ሄድኩ። መስታወቱን እየነቀለ አገኘሁት። «የቤቱ ባለቤት ኪራይ ጨመሩ» አለኝ። «ምን አሉ?» ስለው፣ «መንገዱ አምሯል አሉ» አለኝ።

አያችሁ? መንገዱን ያሳመረው እሱ፤ ላማረው መንገድ የሚከፍለውም እሱ። አንዳንዱ፣ የኪራይ ሕግ ወጥቷል አይደለም እንዴ ይላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይን ነው የሚገዛው፤ ሱቅን አይመለከትም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያሉት የኛ ሰዎች ሰፈራቸውን እ.ኤ.አ. በ2002 በይፋ ትንሿ ኢትዮጵያ አሰኝተዋል፤ ደስ ይላል። ግን ሰፈር ስም ሲያገኝ ዋጋም ያገኛል፤ ዋጋውን ማን እንደሚበላው ደግሞ ሰሌዳው ላይ አይጻፍም።

ጉባኤው ላይ ይህን ነገር አነሣሁ። ረዥም ዝምታ ሆነ። የኛ ኮሚቴ ውስጥ የነበሩት ተከራዮች ነበሩ፤ ባለቤቶቹ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ ተቀምጠው በወሩ መጨረሻ ብቻ የሚመጡ ናቸው። አዴ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። ምን እንደሚሉ ሁላችንም አውቀን ነበር። አሉትም።

«ውኃው የት ይሂድ ብላችሁ ነው?»

ኪራይ መጨመር ማለት ደፍ ከፍ ማድረግ ነው። ባለቤቱ ከፍ ሲያደርገው ተከራዩ ላይ ይወርዳል፤ ተከራዩ ዋጋ ሲጨምር ደንበኛው ላይ ይወርዳል። አዲስ አንቀጽ ጻፍን፦ የሕንፃ ባለቤቶች ጉባኤ ይጠራሉ፤ ከመዋጮው ድርሻቸውን ይከፍላሉ፤ መንገዱ በነጋዴው ገንዘብ በተሻሻለበት ዓመት ኪራይ ላለመጨመር ቃል ይገባሉ። ሕግ አይደለም። ቃል ነው። ሦስቱ ፈረሙ። የፀጉር ቤቱ አከራይ ግን ስልካቸውን አላነሡም።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ አሸዋ ሜዳ ሄደ። በቦታው የስልክና የካርድ ሱቅ ገባ። ባለፈው እሑድ አዲሱ ልጅ አልመጣም፤ እኔም ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ደንቡ ገንዘብ ያዥ አይዞርም ቢልም፣ ልጁ ደንቡን አያውቅማ። አየኝ፤ ስልኩን ወደ ጆሮው አነሣ። ጠበቅሁት። ሲያወርደው፣ «ምንድን ነው ይሄ ክፍያ?» አለኝ።

በሩ ላይ ያለውን መብራት ላሳየው ቀና አልኩ። ቀን ስለነበር አልበራም። ቦዩንም ላሳየው ፈለግሁ፤ ደረቅ ነበር፣ በጥር ማን ቦይ ያያል? ያኔ የገባኝ ነገር አለ። ያን ጎርፍ ያላየ ሰው ደረሰኝ ብቻ አሳይተኸው አይከፍልህም። ሱቅ ተከራይ በተቀየረ ቁጥር ማኅበሩ እንደገና ይወለዳል፤ ወይም ይሞታል። ገንዘብ ያዥ ተራኪም ካልሆነ ደብተሩ ባዶ ነው።

ስለዚህ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና፣ «አድምጠኝማ» አልኩት፤ ከሐምሌ ጀመርኩለት። ስጨርስ ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ፤ የቀድሞው ተከራይ በሲሚንቶ ከፍ ያደረገውን ደፍ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

ከፈለኝ ብላችሁ ደስ ባላችሁ ነበር። «ነገ ና» አለኝ። ነገ እሄዳለሁ።